ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ልንገባ ነው፤ ክላሼን ምን ላድርገው?

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ
ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ አገኘች። ኦገስት መጨረሻ ላይ ከአሌክሳንድሪያ ጠቅልለን እንወጣለን። ያው የፖቶማክን ወንዝ መሻገር ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው መንገዱ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቤቴ ሁለት ጠመንጃ አለ። አንዱ ዋሳር-10 የሚሉት የሮማኒያ ክላሽ ነው፣ በ2016 የገዛሁት። ሌላው ኤአር-15 ነው፤ ባረሉ፣ ጥይት የሚወጣበት ቱቦው ማለቴ ነው፣ 16 ኢንች፣ ቀጭን። እሱን ሦስት ዓመት ሙሉ ስፈታው ስገጥመው ነው የኖርኩት፣ ሰደፉን ቀየርኩ፣ እጀታውን ቀየርኩ፣ ቃታውን ቀየርኩ፣ ሬድ ዶት የሚሉትን ማነጣጠሪያ ጫንኩበት፣ አሁን ከሱቅ ከወጣው የቀረ ነገር ቢኖር ቁጥሩ ያለበት ብረት ብቻ ነው። አንድ ሽጉጥም አለ። ሁሉም በሕግ፣ ፎርም ተሞልቶ፣ ተጣርቼ የገዛኋቸው።

ሥራ ቦታ አንድ ልጅ "ክላሹን ጭነህ ድልድዩን ከተሻገርክ ወንጀለኛ ነህ" አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ። ሁለቱም እኮ ሩምታ የላቸውም! ቃታ አንዴ ስትስብ አንድ ጥይት፣ በቃ። አገር ቤት አባቴ ከያዘው ጋር መልኩ አንድ ነው እንጂ ሥራው ሌላ ነው። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው "አሶልት ዌፐን"፣ የጥቃት መሣሪያ፣ የሚባለው? የሚያውቅ ይንገረኝ በናታችሁ።

ባለ_ስፓነር
ጀርመንታውን ነኝ፣ ሜሪላንድ። ልጁ አልቀለደብህም።

እዚህ ከኦክቶበር 1, 2013 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። የጠመንጃ ስም ዝርዝር አለው፣ ዝርዝሩ ውስጥ "ኤኬ-47 በማንኛውም መልኩ" ይላል። በማንኛውም መልኩ! ነጠላ ይተኩስ ሩምታ አይጠይቅም። ከዚያ ቀን በፊት እዚሁ በሕግ የነበረው ሰው ይዞ ይቀጥላል፣ አንተ ግን በ2016 ነው የገዛኸው፣ ያውም ቨርጂኒያ። ወደ ስቴቱ ይዞ መግባትም ራሱ ክልክል ነው። ስለዚህ ክላሹ አይሻገርም፣ አለቀ።

ኤአሩ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ እዚህ ጋ ቡና አፍላና ተቀመጥ። ያው ዝርዝር ኤአር-15ንና አምሳያዎቹን በሙሉ ይከለክላል፣ "ከኮልት ስፖርተር ኤች-ባር በስተቀር" ይልና። ኤች-ባር ማለት ባረሉ ወፍራምና ከባድ የሆነው ነው። በዚህች በአንዲት "በስተቀር" ምክንያት የሜሪላንድ ሱቆች እስከ ዛሬ ኤአር ይሸጣሉ፣ ባረሉ ከባድ እስከሆነ ድረስ። ያንተ ቀጭን ነው ብለሃል። ቀጭኑ ክልክል፣ ወፍራሙ ይለፍ። ያው ጥይት፣ ያው ቃታ፣ ያው ካዝና። ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቀኝ፣ እኔ ስፓነር ነው የማውቀው።

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ
ይሄ ነገር የምርህን ነው? ባረል በኪሎ መዝነው ነው የሚያሳልፉት?

ባለ_ስፓነር
ሚዛን ይዘው አይቆሙም፣ ግን ሱቁ ከባድ ባረል ካልሆነ አያስረክብህም።

አባ_ዝናር
ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን በወታደርነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ዳላስ ከልጄ ጋር ነኝ። ስለ አሜሪካ ሕግ አላውቅም። ስለ ክላሽ ግን ልናገር።

የጦር ሜዳው ክላሽ በቀኝ ጎኑ መምረጫ አለው። ላይኛው ዝግ ነው። መሐሉ ሩምታ። ታችኛው ነጠላ። አስተውሉ፣ ሩምታው ከነጠላው ይቀድማል፤ የደነገጠ ምልምል መምረጫውን አንድ ጊዜ ሲጫነው ሩምታው ላይ ያርፋል፣ ካዝናው ሳያስበው ባዶ ይሆናል። የወታደር ቋንቋ "የጥቃት ጠመንጃ" የሚለው ይህን ነው፣ ሁለቱንም የሚችል፣ መካከለኛ ጥይት የሚጎርስ፣ ካዝናው የሚነቀል። ጀርመኖች በ1944 ለአንድ ጠመንጃቸው ያወጡት ስም ነው የተስፋፋው። የዚህ ልጅ ክላሽ መሐሉ የለውም። መሐሉ ከሌለው ለእኔ ክላሽ የሚመስል ነጠላ ጠመንጃ ነው።

ነጠላ ሲባል ደግሞ የሚናቅ እንዳይመስላችሁ። የሠለጠነ ወታደር በነጠላ ነው የሚመታው። ሩምታ ጠላት ጭንቅላቱን እንዲደፋ ነው እንጂ ለመግደል ብዙም አይረባም።

እማ_ሩት
ጋሼ አባ ዝናር፣ የመጨረሻዋን አንቀጽ እርስዎ ስላሉልኝ አመሰግናለሁ፣ እኔ ብለው ኖሮ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" ይሉኝ ነበር።

እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ወንዶቹ ሁልጊዜ "ሩምታ የለውም እኮ" ትላላችሁ። ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ያለቁት በነጠላ ነው። ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ 154 ጥይት፣ በዚሁ አንተ ሰደፉን ቀየርኩ በምትለው ዓይነት ጠመንጃ። የሜሪላንዱ ሕግ የወጣውም እሱ በደረሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፣ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት በር ዘግተው መብራት አጥፍተው ጥግ ላይ ዝም ብለው መቀመጥ ይለማመዳሉ። ቤት መጥታ "እኔ አላስነጠስኩም" ብላ በኩራት ነገረችኝ። ስለ ባረል ውፍረት ስትከራከሩ ሳይ እሷን ነው የማስበው።

ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ሰፈራችን በሰላም መጣህ። ክላሹን ግን እዚያው ተወው።

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ
እህቴ ልክ ነሽ፣ አልከራከርሽም። ልጆች አሉኝ እኮ እኔም። የጠየቅኩት ሕጉን ሳላውቅ እንዳልጥስ ነው።

ሲያትል206
የናንተ ሜሪላንድ ቢያንስ ስም ይጠራል። የኛን ዋሽንግተን ስቴት ስሙ።

2018 ላይ በሕዝብ ድምፅ አይ-1639 የሚባል አለፈ። እሱ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ የጥይቱን ጉልበት ተጠቅሞ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ የሚያጎርስ፣ ለእያንዳንዱ ጥይት ቃታ መሳብ የሚፈልግ ጠመንጃ ሁሉ "ሰሚ አውቶማቲክ አሶልት ራይፍል" ነው አለ። ሁሉ! እኔ ሩገር 10/22 አለኝ፣ ያቺ ቆርቆሮ መምቻ፣ ልጆች ተኩስ የሚማሩባት፣ ጥይቷ የእርሳስ ላጲስ የምታክል። እሷም በሕግ "አሶልት" ሆነች። ለመግዛት 21 ዓመት፣ ሥልጠና፣ የማጣሪያ ቀናት። ቀጥሎ በ2023 ኤፕሪል ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ፣ ይሄኛው በዝርዝርና በመልክ የሚሄድ ነው፣ ኤአርና ክላሽ መሸጥ ቆመ። የነበረው ሰው ይዞ መቆየት ይችላል። ስለዚህ አሁን በአንድ ስቴት ውስጥ ሁለት ዓይነት "አሶልት" አለን፣ አንዱ የሚሸጥ አንዱ የማይሸጥ።

አማርኛ ቢሆን ኖሮ "ሩምታ" እና "ነጠላ" ብለን በሁለት ቃል እንጨርሰው ነበር።

እማ_ሩት
በሁለት ቃል አይጨረስም ነው እኮ እያልኩ ያለሁት።

ፋይል_አንባቢ
እዚህ ቤት የሕግ ነገር ሲነሳ እጄን ያሳክከኛል። ጠበቃ አይደለሁም፣ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ወረቀት አገላባጭ ነኝ፣ እንደዚያ ውሰዱት።

ሁለት ቃል እየተቀላቀለባችሁ ነው። "ማሽን ገን" የሚለው በፌዴራል ሕግ ከ1934 ጀምሮ ትርጉም አለው። ቃታው አንዴ ሲሠራ ከአንድ ጥይት በላይ በራሱ የሚተኩስ ማለት ነው። ይሄ መሣሪያው ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ ነው፣ ጋሼ ያሉት "መሐሉ"። ከሜይ 19, 1986 በኋላ የተሠራ አዲስ ለሲቪል ሰው አይሸጥም፣ ያለቀለት ነው።

"አሶልት ዌፐን" ግን ሌላ ነው፣ እሱ ዕቃው ምን ተሰክቶበታል የሚል ጥያቄ ነው። በ1994ቱ የፌዴራል ሕግ ካዝናው የሚነቀል ሰሚ አውቶማቲክ ጠመንጃ ከአምስት ነገር ሁለቱን ካሟላ ክልክል ነበር። የሚታጠፍ ወይም የሚሳብ ሰደፍ፣ ወደታች የወረደ የሽጉጥ እጀታ፣ የሳንጃ መሰኪያ፣ ነበልባል ደባቂ ወይም እሱን ለማሰር ጥርስ የወጣለት አፈሙዝ፣ ቦምብ መወርወሪያ። ፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ? የሳንጃ መሰኪያውን ላጩ፣ ሰደፉን አጣበቁ፣ ያንኑ ጠመንጃ ሸጡ። ሩገር ሚኒ-14 ደግሞ የኤአሩን ጥይት፣ ያንኑ .223 የሚባለውን፣ የሚተኩስ ሆኖ ሳለ፣ ሰደፉ የማይታጠፈው ዓይነት በስሙ ተጽፎ ተፈቅዷል፣ የእንጨት ሰደፍ ስላለው የገበሬ ይመስላል። ሕጉ የተሰጠው ዕድሜ 10 ዓመት ነበር፣ ሴፕቴምበር 13, 2004 ሞተ፣ ማንም አላደሰውም።

እማ ሩት የሳንዲ ሁክን አነሳሽ። ያ ጠመንጃ በኮኔቲከት የ1993ቱ የአሶልት ሕግ መሠረት የተፈቀደ ነበር፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። አንዱ ወገን ይህን ይዞ "ሕግ አይሠራም" ይላል፣ ሌላው ወገን ያንኑ ይዞ "ትርጉሙ ጠባብ ስለነበር ነው" ይላል።

ስለ ሜሪላንዱ፣ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፣ ስኖፕ በሚባል መዝገብ። ጁን 2, 2025 ፍርድ ቤቱ አላየውም አለ፣ ስለዚህ ሕጉ ጸና። ሦስት ዳኞች፣ ቶማስ፣ አሊቶና ጎርሳች፣ ሊያዩት ፈልገው ነበር። ዳኛ ካቫኖ ደግሞ አሁን አይሁን እንጂ በሚቀጥለው ወይም ከዚያ በሚቀጥለው የፍርድ ቤቱ የሥራ ዘመን ማየታችን አይቀርም ብሎ ጻፈ፣ አገሪቱ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ኤአር-15 አለ ብሎ። ስለዚህ "ይሻራል" ብለህ ተስፋ አድርገህ ክላሹን እንዳትጭን።

ቆሪጥ
ታዲያ ባምፕ ስቶኩስ፣ ያ በርግጫው እየተንሸራተተ ቃታውን ቶሎ ቶሎ የሚያስመታው ሰደፍ? እሱ ሩምታ አይደል?

ፋይል_አንባቢ
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የትርጉም ጉዳይ ከዚያ በላይ አፍጦ የወጣበት የለም። በ2017 ላስ ቬጋስ ላይ አንድ ሰው ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሕዝብ ላይ የተኮሰበት ነው። በትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን መንግሥት "ይሄ ማሽን ገን ነው" ብሎ ከለከለው። በ2024 ጁን ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 "አይደለም" አለ። ቶማስ የጻፈው፣ ቃታው በየጥይቱ እየተመለሰ እንደገና ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ የ1934ቱ ቃል አይነካውም ብሎ ነው፣ የቃታውን ሥዕል ሁሉ አስገብቶ። ዳኛ ሶቶማዮር ተቃወመች፣ እንደ ዳክዬ የሚሄድ፣ እንደ ዳክዬ የሚዋኝ፣ እንደ ዳክዬ የሚጮህ ወፍ ሳይ ዳክዬ እለዋለሁ ዓይነት ነገር ብላ። ስቴቶች ግን በራሳቸው ሕግ መከልከል ይችላሉ፣ ሜሪላንድም ከልክላዋለች።

አባ_ዝናር
እኔ ከሴትየዋ ጋር ነኝ። ጆሮ ያውቃል።

ቆሪጥ
ጋሼ ግን እርስዎ ከላይ "መሐሉ ከሌለው ክላሽ አይደለም" ብለው ነበር፣ አሁን በድምፁ ሆነ 😂

አባ_ዝናር
ልጄ፣ ብረቱን ስትጠይቀኝ ስለ ብረቱ ነገርኩህ። ድምፁን ስትጠይቀኝ ስለ ድምፁ። ሕግ አውጪም የተቸገረው በዚህ ይመስለኛል።

አዲስ_ገቢ
እኔ በዲቪ ገና ስምንት ወሬ ነው፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ኤአር መግዛት እችላለሁ ወይስ ዜጋ መሆን አለብኝ? አንድ ዘመዴ ደግሞ በተማሪ ቪዛ ነው ያለው፣ አብረን ሬንጅ፣ ተኩስ መለማመጃ፣ እንሄዳለን።

ፋይል_አንባቢ
ዲቪ ማለት ግሪን ካርድ ነው፣ ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፣ ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ፎርም 4473 ላይ የኤሊየን ቁጥርህን፣ ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን፣ ትጽፋለህ። ቨርጂኒያ ራሷ "አሶልት ፋየርአርም" የምትለው አላት፣ ከ20 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና የገባለት፣ ወይም ሳይለንሰር (ድምፅ ማፈኛ) እንዲቀበል የተሠራ፣ ወይም ሰደፉ የሚታጠፍ ሰሚ አውቶማቲክ። እሱን ለመያዝ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን ግዴታ ነው። ስለዚህ እስከ 2025 ድረስ ቨርጂኒያ ትርጉሙ ነበራት ግን አልከለከለችም፤ ለማን እንደሚሸጥ ለመለየት ነበር የምትጠቀምበት። የመከልከያው ረቂቅ ይመጣ ነበር፣ ያኔ አገረ ገዢ የነበረው ያንግኪን 2024ም 2025ም ላይ ውድቅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ እንዳለ ግን አጣራ።

ዘመድህ ግን ተጠንቀቅለት። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ለአደን ፈቃድ እንዳለው ዓይነት ጠባብ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ ጠመንጃ መያዝ በፌዴራል ክልክል ነው። ሬንጅ ላይ "እስቲ ያዝልኝ" ብለህ ብታቀብለው ለሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል። ለፎቶ ብሎ ሕይወቱን እንዳያበላሽ።

ሜርሲ_ሙድ
እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ፣ ለጓደኛዬ ነው 😅 ፎርሙ ላይ "ሕገወጥ እፅ ትጠቀማለህ ወይ" የሚለው... ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቃም ሰው ምን ይላል?

ባለ_ስፓነር
ለጓደኛህ ንገረው፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ከሄሮይን ጋር አንደኛው መደብ ላይ ነው የተጻፈው። አገር ቤት ቅጠል ነው፣ ጉምሩክ ቀረጥ ይቆርጥበታል፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም። ቅሞ "የለም" ብሎ መፈረም በሐሰት መፈረም ነው። ወይ ጫቱን ወይ ጠመንጃውን ይምረጥ።

ሜርሲ_ሙድ
ጓደኛዬ አዝኗል።

ነታንያ_ልጅ
ከእስራኤል ነኝ፣ ስታወሩ ገርሞኝ ነው። እኛ ጋ ሲቪል ሰው ፈቃድ ካገኘ ሽጉጥ ነው፣ አንድ። ከ2023 በኋላ ፈቃድ ማግኘት ቀለለ እንጂ ረጅም ጠመንጃ ቤቱ አስቀምጦ ሰደፍ የሚቀይር ሰው አላየሁም። ኤም-16 የሚይዙት ወታደሩና የሰፈር ጥበቃው ናቸው፣ እሱም የመንግሥት ነው። ስለዚህ "አሶልት ምንድን ነው" የሚል ክርክር ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሉ፣ እያነበብኩ ነው።

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ
እሺ ወደኔ ጉዳይ እንመለስ። ኤአሩን ለማዳን ባረሉን ብቻ ብቀይርስ? ሌላው ነገርስ? ሰደፉ የሚሳብ ነው፣ አፈሙዙ ላይ ነበልባል ደባቂ አለ፣ ካዝናዎቼ 30 የሚይዙ ናቸው።

ባለ_ስፓነር
አሁን ቋንቋዬን አወራህ።

ሁሉንም ቨርጂኒያ እያለህ ጨርስ፣ ይሄን በመጀመሪያ። ቀይረህ ግባ እንጂ ገብተህ አትቀይር። ላይኛውን ክፍል እንዳለ በኤች-ባር ቀይረው፣ ባረሉ ላይ "ኤች-ባር" የሚል ማህተም ያለበትን ፈልግ። ሁለት ፒን አውጥተህ ላዩን ከታቹ ትለያለህ፣ አዲሱን ታስቀምጣለህ፣ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። ቀጭኑን ላይኛ ክፍል እዚያው ሽጠው፣ ይዘኸው አትምጣ፣ ለምን ሁለቱን አንድ ቤት ታስቀምጣለህ።

ሜሪላንድ "ኮፒካት" የምትለው ደግሞ አለ። ካዝናው የሚነቀል ጠመንጃ ከሦስት ነገር ሁለቱ ካሉት ክልክል ነው፣ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ ነበልባል ደባቂ፣ ቦምብ ወይም ፍሌር መወርወሪያ። ያንተ ሰደፍ ይሳባል እንጂ አይታጠፍም፣ ስለዚህ አይቆጠርም። አዎ፣ ሲሳብ ምንም፣ ሲታጠፍ ጥፋት። እጀታውን ማንም አያይብህም፣ ካሊፎርኒያ ቢሆን እጀታው ራሱ ይበቃህ ነበር። ነበልባል ደባቂው አንድ ብቻ ስለሆነ ያልፋል፣ እኔ ግን አውልቄ ርግጫ የሚቀንሰውን ዓይነት አስሬበታለሁ፣ ለምን ቆጠራ ውስጥ እገባለሁ። ጠቅላላ ቁመቱም ከ29 ኢንች እንዳያንስ። ባረል ማሳጠር የሚባል ነገር በሐሳብህም አይምጣ። ከ16 ኢንች ካነሰ ፌዴራል ይመጣል፣ ከ2026 ጀምሮ ለዚያ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ቀረጥ ዜሮ ሆነ እንጂ ማመልከቻውና የጣት አሻራው አልቀረም።

ካዝና ነው የሚያስቅህ። ሜሪላንድ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ መሸጥ፣ መግዛት፣ መቀበል ክልክል ነው። መያዝ ግን አልተከለከለም። ያለህን ይዘህ ብትገባ ይዘህ ትኖራለህ፣ ለጎረቤትህ ብትሰጠው ወንጀል ነው።

ይሄን ሁሉ የምነግርህ እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ለፋሁበት ሰው ነው፤ አንድ ጠበቃ ጋ ሄደህ በጽሑፍ አስወጣው፣ ከአንድ ባረል ዋጋ አይበልጥም።

ቆሪጥ
ሰደፍ፣ እጀታ፣ ቃታ፣ ሬድ ዶት... የገና ዛፍ ነው የሠራኸው በቃ። መብራቱስ ብልጭ ብልጭ ይላል?

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ
😂 ላንተ አላሳይህም። እውነቱን ለመናገር ግማሹን አውልቄዋለሁ። መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ሁሉ ገዛሁ፣ የባትሪ መብራት፣ የፊት እጀታ፣ የካዝና መግቢያ ማስፊያ፣ ምን የሌለ። ክብደቱ አናደደኝ። አሁን የቀረው ጥሩ ቃታ፣ ማነጣጠሪያውና ማንገቻው ነው።

ባለ_ስፓነር
ሰው ሁሉ እዚያው ነው የሚጨርሰው። ቃታው ከብዶ ሲጎተት አፈሙዙን ያዘነብላል፣ እሱ ገንዘብ ይገባዋል። ማነጣጠሪያ ይገባዋል። ቀሪውን ለጥይት አድርገው፣ የምትማረው ከጥይቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ባረሉ ላይ 5.56 ይላል ወይስ .223? 5.56 ካለ ሁለቱንም ትጎርሳለህ፣ .223 ብቻ ካለ የወታደሩን 5.56 አታጉርሰው፣ ግፊቱ ሌላ ነው። ላይኛውን ስትቀይር ይሄን ሳያዩ የሚገዙ አሉ።

የክላሹ ግን ልቤን ሰበረው። የሮማኒያው እኮ ራሱ ታሪክ አለው። በ1989 ትልቁ ቡሽ "ለስፖርት የማይሆን" ብሎ ከውጭ የሚገባውን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ እንደዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ እዚህ ሲገጣጠም፣ ከተዘረዘሩ 20 ክፍሎች ከ10 በላይ የውጭ አገር እንዳይሆኑ ይላል ሕጉ። ስለዚህ ቃታው አሜሪካዊ፣ እጀታው አሜሪካዊ፣ አካሉ ሮማኒያዊ ነው። ክላሽህም እንደኛ ዲያስፖራ ነው።

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ
ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ፣ ከዚያ ሳቁብኝ። ለአደን አይሆንም፣ ለቤት ጥበቃም ሽጉጡ አለ። አባቴ ክላሹን ማታ ማታ ጨርቅ ዘርግቶ ይወለውል ነበር። እኔ ሥራዬ ኩራዝ መያዝ ነው። ከሱ በፊት አያቴ ምንሽር ነበራቸው። እዚህ አገር መጥቼ ሬንጅ ላይ የዘይቱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ በሳምንቱ ገዛሁት። በዓመት ሁለቴ ብተኩስበት ነው። የቀረውን ጊዜ እወለውለዋለሁ።

አባ_ዝናር
አልሳቅንም ልጄ።

እማ_ሩት
እኔም አልሳቅኩም። ግን ልጠይቅህ፣ ኩራዝ ሲይዙልህ የነበሩት... ማለቴ አንተ የያዝከው ልጅ ሆነህ ነው። አሁን ያንተ ልጆች የት እንደተቀመጠ ያውቃሉ? ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ያስቀመጠ ሰው ይጠየቃል። ደግሞ የምንፈራው ሌባውን ብቻ አይደለም፣ በዚህ አገር በጠመንጃ ከሚሞተው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ነው የሚያጠፋው። የኛ ልጆች ዝም ብለው ነው የሚጨነቁት፣ ለወላጅ አይነግሩም። ካዝናው ይቆለፋል?

ቆሪጥ
የትኛው ካዝና? የጥይቱ ወይስ የብሩ?

እማ_ሩት
ቆሪጥ አሁን አይደለም።

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ
ይቆለፋል እህቴ። ብረት ሣጥን ነው፣ ከግድግዳው ጋር የታሰረ። ጥይቱ ሌላ ቦታ ነው።

ሲያትል206
ክላሹን ለወንድምህ ብትሰጠውስ? ወይ ፔንሲልቫኒያ ያለ ጓደኛ?

ፋይል_አንባቢ
ወንድሙ ቨርጂኒያ ከሆነ፣ እሱ ራሱ የቨርጂኒያ ነዋሪ እያለ ቢጨርሰው ይቀላል። አንዴ ሜሪላንድ ከገባ የሌላ ስቴት ሰው ነው፣ ከዚያ በኋላ ለወንድምም ቢሆን ፈቃድ ባለው ሱቅ በኩል ነው። ፔንሲልቫኒያም እንደዚያው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቢሸጠውም በጁላይ 2020 የጀመረው ሕግ የግል ሽያጭ ሁሉ ማጣሪያ እንዲኖረው አዞ ነበር፣ ፓርኪንግ ላይ ብር ተቀብሎ መስጠት አያዋጣም። በቀላሉ ሱቅ ውሰደው፣ ቢጎዳህም ትንሽ ብር ነው።

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ላገዛችሁኝ ሁሉ፣ ተፈጸመ።

ጠበቃ ጋ ሄድኩ፣ ባለ ስፓነር ካለው ብዙ አልራቀም፣ ግን በወረቀት ይሻላል። ክላሹን ሱቅ ወሰድኩት፣ ልጁ ገልብጦ አይቶ "በጣም ንጹሕ ነው" አለኝ፣ አባቴ ቢሰማው ደስ ይለዋል። ዋጋው አላስደሰተኝም፣ ግን አልተከራከርኩም፣ ቶሎ መውጣት ፈልጌ ነበር። ኤአሩ አሁን ኤች-ባር ነው። ወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሁለቱን ባረል አስቀምጬ ነበር ከመሸጤ በፊት፣ ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ግማሽ ኪሎ በርበሬ በሉት። እጄ ግን ያውቀዋል፣ ቆሜ ስተኩስ አፈሙዙ ወደታች ይለኛል።

አባቴን በስልክ ነገርኩት። "ምን አጥፍተህ ወሰዱብህ?" አለኝ። ምንም አላጠፋሁም፣ ወንዝ ስለተሻገርኩ ነው አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ጥይቱንም ሸጥከው?" አለኝ።

ባለ_ስፓነር
😂 ሽማግሌው ነጋዴ ናቸው። ሽጉጡን እንዳትረሳ፣ ከገባህ በ90 ቀን ውስጥ ለስቴት ፖሊስ ማስመዝገብ አለብህ። ሰው ሁሉ ስለ ኤአር ሲጨነቅ እሱን ይረሳል።

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ
ሰኞ ሞላሁት።

እማ_ሩት
የሣጥኑ ቁልፍስ? መሳቢያ ውስጥ እንዳይሆን ብቻ፣ ልጅ መሳቢያ ይወዳል።

ጎጃሜ_ዘአሌክሳንድሪያ
አንገቴ ላይ ነው እህቴ፣ ከማተቤ ጋር።